ትከሻ ጊዜ ይፈልጋል

ከላምበረት መናኸሪያ የተነሳ ሚኒባስ ሰንዳፋን እስኪያልፍ ድረስ የሬዲዮ ነው። ኳስ ይተነተናል፣ ማስታወቂያ ይነበባል፣ አንዷ ደውላ ለጓደኞቿ ሁሉ በየስማቸው ሰላምታ ታስተላልፋለች። ሰንዳፋ ከኋላ ሲቀር ሾፌሩ ፍላሹን ይሰካል፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋ የእሱ ናት። ወደ ደብረ ብርሃን የወጣሁት በጥር፣ መንገዱ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ፣ ሰርግ በሰርግ ላይ በሚደረብበት ወር ነበር። ጋቢና ስለተቀመጥኩ ሾፌሩ በአውራ ጣቱ ፎልደሮቹን ሲያሳልፍ አያለሁ። «የድሮ» የሚል አለ፣ «መዝሙር» የሚል አለ፣ «ሪሚክስ» የሚል አለ። ሪሚክሱ ላይ ቆመ።

የወጣው ዘፈን በልጅነቴ በካሴት የማውቀው ነው። ድምፁ ያው ነው፤ ዘፋኙ በጉብዝናው ወራት እንዳወጣው፣ እሽሽ የምትለዋ የካሴት ድምፅ እንኳ ከጀርባው አልጠፋችም። ከሥሩ ያለው ግን ሌላ ነው። ቆርቆሮ የሚመስለው የድሮው ድራም ቦታ ላይ ደረት የሚመታ ከበሮ ገብቷል። ያኔ መኖሩም የማይታወቀው ቤዝ የጋቢናውን በር ያንቀጠቅጣል። ከሁሉ የደነቀኝ ግን ከተጨመረው ይልቅ የተተወው ነው። ዘፋኙ ግጥሙን ቤት አስመትቶ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ካሴቱ ላይ ትራምፔቶቹ ተንጋግተው ይገቡበት የነበረው ቦታ ባዶ ሆኗል። ከበሮና ክራር ብቻ፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ረዳቱ የሰበሰበውን ብር በጣቶቹ መሃል እንደሰካ ትከሻውን ለቀቀው። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «እሰይ!» አሉ፤ ለዘፋኙ ይሁን ለረዳቱ እንጃ።

ሪሚክስ ሲባል ፊታቸው የሚጠቁር ወዳጆች አሉኝ። ለእነሱ ዘፈን አንዴ ከተቀረፀ አለቀ ደቀቀ፤ ከዚያ ወዲያ የነካው ሁሉ አጉዳይ ነው። እኔ ደግሞ ጥሩ ሪሚክስ ስሰማ ልቤ የሚጠፋ ሰው ነኝ፤ ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል። ሁሌ የማነሳላቸው ታሪክ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቶም ሞልተን የሚባል አሜሪካዊ ፋየር አይላንድ በምትባለው የኒውዮርክ ደሴት ሰው ሲጨፍር ቆሞ ያያል። የጨፋሪው ሰውነት ገና ሲሞቅ ሦስት ደቂቃዋ ታልቅና ዘፈኑ ይቆማል፤ ሰዉም የጀመረውን ሳይጨርስ ይበተናል። ሞልተን ቤቱ ገብቶ ዘፈኖቹን በቴፕ እየቆረጠና እየቀጠለ ማስረዘም ያዘ። ኪንግስተን ላይ ደግሞ ኪንግ ተቢ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ የዘፋኙን ድምፅ እያወጣ፣ ቤዝና ድራሙን እያስቀረ፣ ቀሪውን በማሚቶ እየነከረ ደብ የተባለውን ሙዚቃ ፈጠረ። ከዚያ በኋላ ኦርጅናሉን ያስረሱ ሪሚክሶች መጥተዋል። ኤቭሪቲንግ በት ዘ ገርል የተባሉት እንግሊዛውያን «ሚሲንግ» የተሰኘውን ዘፈናቸውን እ.ኤ.አ. በ1994 ሲያወጡት ብዙ ሰው ዞር ብሎ አላየውም። ቶድ ቴሪ የሚባል የኒውዮርክ ዲጄ የጭፈራ ምት ካስገባበት በኋላ ዓለምን አዳረሰ። አንድም ቃል አልጨመረም፤ የጨመረው ለሰውነት የሚሆን ቦታ ነው።

የሞልተን ጨፋሪዎች የተቋረጠባቸው የእግር ጭፈራ ነበር። የኛው ጨፋሪ ብሶት ሌላ መሆኑን የተረዳሁት ደብረ ብርሃን ላይ ነው።

ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤ በመስኮት ይዘረጋል፤ ጫጫን ስናልፍ በዚያው መስኮት ብርዱ ገባ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት በከንቱ አይደለም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሰማይ ብርሃን ታየ ተብሎ ከተማ አድርገዋት ስሟም ከዚያ ወጣ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የቢራ ፋብሪካ አላት፣ ከቢራው በፊትም የነበረ አረቄ አላት። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሳ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይስባል። እንዲህ ያለ አገር ላይ ጭፈራ ቅንጦት አይደለም፤ ማሞቂያ ነው።

ሾፌሩን «ይህን ሪሚክስ ማን ሠራው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «እዚሁ ነው የጫንኩት» ብሎ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ጠቆመኝ። በሯ ላይ «ሙዚቃ፣ ፊልም፣ መዝሙር ይጫናል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁልፎቹ የጎደሉ ላፕቶፕ፣ ሁለት ስፒከር፣ ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዲያፍን የተለጠፈ የእንቁላል ካርቶን። ሪሚክሱን የሠራው ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ቀን ይማራል፣ ማታ ፍላሽ ይጭናል፣ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ላይ ዲጄ ነው። ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም፤ ምክንያቱን በኋላ እነግራችኋለሁ።

«ጋሼ፣ እኔ መጀመሪያ ምንም ሳልነካ ዘፈኑን እሰማዋለሁ» አለኝ። «የት ጋ እንደሚጣደፍ ነው የምፈልገው።»

«የት ጋ ነው የሚጣደፈው?»

«ሁሉም ጋ!»

ሳቅኩ እንጂ እውነቱን ነው። ዘፈኖቻችን ወደ ሸክላ ሲገቡ ተጨምቀው ነው የገቡት። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ሸክላ ማሳተሚያ ሲጀምር ያወጣቸው ትንንሾቹ ሸክላዎች በአንድ ፊታቸው ከሦስትና ከአራት ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው የሚይዙት። አዝማሪ ቤት ውስጥ ግን ዘፈን የሚያልቀው ቤቱ ሲበቃው ነው። አዝማሪው የመጀመሪያውን ስንኝ ይላል፤ ሰዉ እንዲጠብቅ ይደግመዋል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ይጥላል፤ ወርቁ ይወጣል። ቤቱ «እሰይ!»፣ «ይበል!» ይላል። ያኔ ማሲንቆው ብቻውን ይመልሳል፤ የጎበዙም የቆንጆዋም ትከሻ የሚነሳው በዚያ ምላሽ ላይ ነው፣ ግጥሙ ላይ አይደለም። ግጥሙ ላይ ከጨፈርክ ወርቁ ያመልጥሃል። ሸክላው ይህችን የምላሽ ቦታ ወደ አንድ ሁለት ምት የትራምፔት ጩኸት አሳጠራት። ካሴት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቢጨመርም ልማዱ አንዴ ገብቷል፤ ጊዜውን ሌላ ግጥም ወሰደው።

የልጁ ጥበብ ያችን ቦታ መልሶ መክፈት ነው። ድምፁን ከሙዚቃው የሚለይ ፕሮግራም አለው። የኛ የድሮ ቅጂዎች ባንዱና ዘፋኙ አብረው የገቡባቸው በመሆናቸው፣ መሣሪያዎቹ ለየብቻ የተቀዱበት ቴፕም በእጁ ስለሌለ፣ ያለው ምርጫ ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ንጹሕ አድርጎ አይለይም፤ ከድምፁ ጀርባ የትራምፔት ርዝራዥ ይቀራል። ብዙዎች በማጣሪያ ሊያጠፉት ሲሞክሩ የዘፋኙን ጉሮሮ ያጠፋሉ። እሱ ይተወዋል። «ሰውየው ባንድ ውስጥ ሆኖ መዝፈኑ ይታወቅ» ነው የሚለው።

ከዚያ ምቱን አሳየኝ። ዲጄዎች የሚሠሩባቸው ፕሮግራሞች ሲከፈቱ አራት፣ አራት ነው የሚቆጥሩት። የኛ ችክችካ ደግሞ በስድስት የሚሄድ ነው። ችግሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ሰነፍ ሠሪ ስድስቱን ጎትቶ ከአራቱ ሳጥን ያስገባዋል፣ እስክስታውም ወታደራዊ ሰልፍ ይሆናል። ይህ ልጅ አራቱን ትልልቅ ምቶች እንዳሉ ትቶ በያንዳንዳቸው ውስጥ ሦስት ሦስት ትንንሽ ምት አስገባ። አንዱን መሥመር አጥፍቶ ትልቁን ምት ብቻ አሰማኝ። «ይሄ እግር ነው፣ ጋሼ።» ያጠፋውን መለሰ። «ይሄ ደግሞ ትከሻ።» ሁለቱ ሲገናኙ የአዲስ አበባም የበርሊንም ጨፋሪ አንድ ወለል ላይ ሊቆም ይችላል፤ አንዱ በእግሩ ይሄዳል፣ ሌላው በትከሻው ይመልሳል።

በቅኝቱ ጉዳይ ደግሞ ጨካኝ ነው። ትዝታ ሜጀር ላይ የፈለግኸውን የኪቦርድ ኮርድ ብትደርብ ይቅር ይልሃል። አንቺሆዬ ግን ይቅር አይልም፤ በጣም የተቀራረቡ ድምፆች ስላሉት የፈረንጅ ኮርድ ሲደረብበት ይጣላል። ብዙ ሪሚክሶች የሚያስጠሉት በዚህ ነው፤ ምኑ እንደሆነ ሳናውቀው ጆሯችንን ይኮሰኩሰናል። ልጁ ኮርዱን በሙሉ ጥሎ አንድ ወፍራም ድምፅ ከሥር ዘርግቶ ክራሩን ብቻውን ለቀቀው። የሠራውን የአንቺሆዬ ዘፈን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ኦርጅናሉ ላይ ቫዮሊንና ኦርጋን የሸፈኑት ጣዕም እዚህ ራቁቱን ወጥቷል። ይበልጣል፤ ለመናገር የማመነታበት ምክንያት የለኝም።

በጨዋታችን መሃል አንድ ዜማ ነካ አደረገ፤ «ሙዚቃዊ ስልት»። ግርማ በየነ የደረሰው፣ የዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቸ በለው» በተሰኘው ሸክላ ላይ የተጫወተው፣ ከዚያ ወዲህ ከኒውዮርክ የአፍሮቢት ተጫዋቾች ጀምሮ ብዙ ባንድ የወሰደው ዜማ ነው። «ኪቦርዱን የሚጫወተው የዚህ አገር ልጅ መሆኑን ታውቃለህ?» አልኩት። አያውቅም። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለደው ደብረ ብርሃን ነው።

ኃይሉ በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ገና በአፍላነቱ ጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ተቀጥሮ፣ አኮርዲዮን ራሱን አስተምሮ፣ በየምሽት ክበቡ ሲጫወት ኖሮ ነው ዋልያስ ላይ የደረሰው። በሰዓት እላፊው ዘመን ሂልተን ሆቴል የገባ ታዳሚ እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር፤ ዘፈን በግድ የሚረዝምበት ትምህርት ቤት ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ሲጓዝ እሱ እዚያው ቀረ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ሆኖ አንድ ካሴት ቀዳ፤ «ሸሞንሟናዬ»። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸውን የቆዩ ዜማዎች፣ አምባሰልን ጭምር፣ አኮርዲዮን ላይ አውጥቶ ከሥራቸው የሚመታ ማሽንና ሲንተሳይዘር አስገባ። ድምፃዊ የለበትም። ካሴቱ ውስጥ ያለው ትልቁ ነገር ርጋታው ነው፤ አኮርዲዮኑ ስንኙን ይላል፣ ማሽኑ ብቻውን ይቀጥላል፣ አንተ በመሃል የግጥሙን ወርቅ በራስህ ትሞላለህ።

ይህ ሪሚክስ አይባልም የሚል ካለ አልጣላውም። የሚሠራው ሥራ ግን ያው ነው፤ የታወቀውን ዜማ ሳይነኩ የሚቆምበትን ወለል መቀየር። ካሴቱ ለዓመታት ተረስቶ ኃይሉ የዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ ላይ ታክሲ ሲነዳ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ሲለማመድ ኖረ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም አሳተመው፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ»ን አወጣ። የሱቁ ልጅ ይህን ሁሉ ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «እና አንድም ቀን እዚህ አልተጫወተም?» አለኝ። ምን እመልሳለሁ።

በማግስቱ ጎረቤላ ላይ ሰርግ ስለነበረው አብሬው ወረድኩ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያ የገብስና የበግ አገር ሆኖ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል፤ ከዚያ መሬቱ በድንገት ያልቅና ገደሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ጭላዳዎቹ ከመንገዱ ዳር ሣር እየነጩ ቀና ብለው ያዩሃል፣ ጉዳያቸው እንዳልሆንክ ሲገባቸው ወደ ሣራቸው ይመለሳሉ። ሁለቱ ስፒከሮች ከኋላችን በገመድ ታስረው፣ ጄኔሬተሩ እግሬ ሥር ተወሽቆ ደረስን።

ዳሱ ውስጥ ጠላው ዞሮ፣ ወጡ ተበልቶ፣ ሙሽሮቹ ከገቡ በኋላ ነው የሙዚቃው ፍርድ የተጀመረው። የሸዋን ሰርግ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዳኞቹ ወጣቶቹ አይደሉም። አንድ ካፖርት የለበሱ አዛውንት ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ተሰይመዋል። ልጁ መጀመሪያ ላይ ከአዲስ አበባ የመጣ የሌላ ሰው ሪሚክስ አጫወተ፤ ኃይለኛ ነገር ነው፣ ምቱ ጄኔሬተሩን ያስተነፍሳል። ዘፋኙ የመጀመሪያውን ስንኝ አለ፤ ሁለተኛው ሊመጣ ሲል ሠሪው ድምፁን ቆረጠና አንዷን ቃል እየደጋገመ፣ እየደጋገመ ወደ ላይ ወሰዳት። ከዚያ ምቱ ወደቀ። የፈረንጅ ዳንስ ሙዚቃ ደንብ ይኸው ነው። ወጣቶቹ ዘለሉ።

አዛውንቱ እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ ሰውየው መቼ ጨረሰ? ነገሩን አስጀምረህ አፉን ያዝከው እኮ!»

ይህን ትችት ከየትኛውም የሙዚቃ ጋዜጠኛ አልሰማሁም። እንግሊዝኛ ዘፈን አንዲት ቃል ተነቅላ ብትደጋገም ብዙ አይጎዳም፤ «ሚሲንግ»ም የቆመው በአንዲት ተደጋጋሚ ሐረግ ላይ ነው። የአማርኛ ግጥም ግን ሰሙን በፊተኛው ስንኝ አስቀምጦ ወርቁን ከኋለኛው መጨረሻ ላይ የሚከፍል ነው። ከመሃል የቆረጥከው እንደሆነ ዕዳ ውስጥ ከተትከን። ምቱ መውደቅ ያለበት ሁለተኛው ስንኝ ቤት ከመታ በኋላ ነው፣ ማሲንቆው ይገባበት በነበረው ቦታ፣ ልክ እዚያው። ልጁም አዛውንቱን «እሺ አባባ» ብሎ ወደ ራሱ ፎልደር ሄደ። ከሚኒባሱ የማውቀውን ዘፈን ለቀቀው።

የሆነውን መናገር ይከብደኛል፤ እሞክራለሁ። ግጥሙ ሲዘፈን ዳሱ ውስጥ የሚነቃነቅ ሰው አልነበረም። አዳምጠው ነው የቆሙት። ቤት ሲመታ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ከበሮው ብቻውን ቀረ፣ ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወረደ። ወንድና ሴት ፊት ለፊት ተያዩ። በመጀመሪያው ዙር ትከሻው ገና ይጠይቃል፤ በሁለተኛው ይመልሳል፤ አንገት የሚገባው በሦስተኛው ነው፣ ደረትም ተከትሎ ይሰበራል። ካሴቱ ላይ ይህ ሁሉ እንዲከናወን የተሰጠው ጊዜ ሁለተኛውን ዙር እንኳ አያስጀምርም። ዘፋኙ ተመልሶ ሲመጣ ሰዉ እንደገና ቆሞ አዳመጠ። አንዲት እናት በመሃል ወደ ልጁ ጠጋ ብለው «እስቲ ያቺን ባዶዋን ድገማት» አሉት። ሠሪው ብዙ የደከመው እዚያ ምንም የሌለ በሚመስለው ቦታ ላይ መሆኑን ሴትየዋ በአንድ መስማት ለዩት።

አንኮበር ያደርኩት ቁር ውስጥ ነው። ጠዋት ወደ ድሮው ቤተ መንግሥት ኮረብታ ደረጃውን እያቆራረጥኩ ወጣሁ። እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዞች ጋር ውል የተፈራረሙት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ የነበረ፣ ዳግማዊ ምኒልክም ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ከማቅናታቸው በፊት የነገሡበት ከተማ ነው። ያኔ ኮረብታው ላይ የቤተ መንግሥቱን መልክ ተከትሎ የተሠራ ሎጅ ነበር፤ ቡናው ጥሩ ነበር፣ እይታው ደግሞ ዋጋ አይተመንለትም። ጉሙ ሲገለጥ የአልዩ አምባ ገበያ መንደር ከታች ብቅ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ቆላው እስከ አፋር ይዘረጋል። በስተሰሜን ይፋት ነው።

ይፋትን ሳይ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ የከፈትኩት ጌታቸው መኩሪያን ነው። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1935 ይፋት ተወልዶ፣ በክራርና በማሲንቆ ጀምሮ፣ ገና በአፍላነቱ የማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ውስጥ ገብቶ ሳክስፎን የያዘ ሰው ነው። ኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ከዚያም በፖሊስ ኦርኬስትራ ኖረ። ያደረገው ነገር አንድ ነው፤ ሽለላን ከጀግናው ጉሮሮ አውጥቶ ሳክስፎን ውስጥ ከተተው። ፉከራው፣ እልሁ፣ ትንፋሽ አጥሮ የሚጮኸው ጩኸት ሁሉ ያለ አንድ ቃል ይሰማል። ውጭ ያሉ ሰዎች ፍሪ ጃዝ ብለው ተደነቁ፤ እኛ ግን ሰውየው ምን እያለ እንደሚፎክር እናውቃለን። መድረክ ላይ የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ መውጣቱም ለዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባሳተመው ሸክላ ላይ፣ ኋላም ኢትዮፒክስ በተባሉት ተከታታይ አልበሞች 14ኛ ሆኖ በወጣው ላይ፣ ሳክስፎኑ ይፎክራል፣ ከጀርባው ያለው ሙዚቃ ግን ጨዋ ነው፤ እንግዳ እንዳያስቀይም የሚጠነቀቅ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ዘ ኤክስ የሚባሉት የኔዘርላንድስ ፓንክ ተጫዋቾች 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጋበዙት። ሰውየው ሰባ ሊሞላው ምንም አልቀረው። ጊታራቸው ሲያንባርቅ ሰምቶ፣ ቀጣዩን ሥራዬን ከእናንተ ጋር ነው የምቀዳው አላቸው። በ2006 «ሞአ አንበሳ» ወጣ። ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ እኔ ግን የአንኮበር ገደል ጫፍ ላይ ሆኜ ሁለቱንም አከታትዬ ሰምቼ የምፈርደው ለሁለተኛው ነው። ሽለላ ጦር ፊት የሚባል ነገር ነው፤ ሰውየው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ጦሩን አገኘ። ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ2016 አርፏል።

ሁሉም ሪሚክስ ያምራል ማለቴ እንዳልሆነ መቼም ይገባችኋል። አብዛኛው መጥፎ ነው። የዲጄው ስም በየሠላሳ ሰከንዱ የሚጮህበት አለ፣ የሟች ዘፋኝ ድምፅ በአውቶቲዩን የተቀጠቀጠበት አለ፣ ባቲን ወስዶ ክለብ ሙዚቃ አደርጋለሁ ሲል ባቲም ክለብም ያልሆነበት አለ። በፈቃድ፣ የዘፈኑ ባለቤት በሕይወት እያለች የተሠራ ምሳሌ ቢፈለግ እጅጋየሁ ሽባባው አለች። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን አልበሟን ቢል ላስዌል በ2003 «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ እንደገና ሠራው፤ ለጭፈራ ሳይሆን ለሌሊት ጉዞ የሚሆን ሆነ፣ ያም አንድ መንገድ ነው። ሮፍናን ደግሞ ከዲጄነት ተነስቶ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ የአገሩን ምት ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር ራሱ ደርሶ አዋሃደው። ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኋቸው ወጣቶች ሁሉ ስሙን ይጠራሉ።

የሱቁ ልጅ ስሙ እንዳይጻፍ የፈለገው ሕጉን ስለሚያውቅ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሌላውን ሥራ ያለ ፈቃድ ማቀናበርንና ማባዛትን ይከለክላል፤ ተገቢም ነው። ለዘመናት ካሴታቸው እየተቀዳ በድህነት ያለፉ ሙዚቀኞች አሉን። «ፈቃድ ብጠይቅ ደስ ይለኛል፣ ጋሼ፤ ማንን ልጠይቅ?» ይላል። ዘፋኙ ሞቷል፣ ያሳተመው ሙዚቃ ቤት ተዘግቷል፣ ግጥሙ የማን እንደሆነ ካሴቱ ላይ አልተጻፈም። ጥያቄው የብልጠት አይደለም፤ መልስ ያጣ ጥያቄ ነው። እሱ የሚያተርፈውም ያን ያህል አይደለም፤ ሰርጉ የሚከፍለው ለስፒከሩና ለጄኔሬተሩ ነው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ የሙዚቃ ቤት ባለቤቶች፣ የድሮ ሙዚቀኛ ቤተሰቦች፣ በቁም ሣጥናችሁ ሪልና ዋና ቅጂ ያስቀመጣችሁ ሁሉ፦ ቴፕ በሙቀትና በእርጥበት እየተላጠ ይጠፋል። በጊዜ ወደ ዲጂታል አስገልብጡት፣ የማን ግጥምና የማን ዜማ እንደሆነ ጻፉበት፣ ፈቃድ ለሚጠይቅ ልጅ በተመጣጣኝ ዋጋ ፈቃድ ስጡ፣ ገቢውንም ተካፈሉ። ዲጄዎችም ሁለተኛውን ስንኝ ሳትሰሙ ምት አትጣሉ።